ጉዳዩ፦ የሲኒማው መብራት መድከም

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7 ቀን 1974 ዓ.ም.

አሮጌው ደብተር አልቆ ይህን ዛሬ ጀመርሁ። በደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ይጻፋል ብለው ያስተማሩን ፈረንሳዊት መነኩሲት ነበሩ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ስሜ ብርቅነሽ ነው። ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት። የምኖረው ጉለሌ፣ ከሲኒማው ጀርባ፣ ከወንድሜ ልጅ ከጽጌረዳ ጋር ነው። ሥራዬ ፊልም መተረክ ነው። ከሸራው በስተግራ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከሥዕሉ ሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ ጽሑፍ እያነበብሁ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ እናገራለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከራሴ አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም። በሌሎች ሲኒማ ቤቶች የነበሩት ተራኪዎች ሕዝቡን ለማሳቅ ይጨምሩ ነበር።

ሲኒማውን ያሠሩት አርመኑ ሙሴ ሃጎፕ ናቸው። ያኔ ስሙ ጎህ ነበር፤ ሲወረስ ትግል ተባለ። ሰው አሁንም ጎህ ነው የሚለው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አድነው ራሱ ሲቸኩል ጎህ ይላል።

ዛሬ የሕንድ ፊልም ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተረክሁት። መብራቱ ግን አላስደሰተኝም። ሥዕሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። መሀረቤን ሦስት ጊዜ አነሣሁ። መሀረብ ሲነሣ ኦፕሬተሩ መዝገቡ ከላይ ከማሽኑ ክፍል በመስኮቷ አይቶ መብራቱን ከፍ ያደርጋል፤ ከድሮ ጀምሮ ምልክታችን ነው። በሦስተኛው ተሻለ።

እሑድ፣ ግንቦት 8

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ከትርኢቱ በኋላ መዝገቡን ደረጃው ሥር ጠብቄ አነጋገርሁት።

«ማሽንህ ደክሟል» አልሁት።

«እኔም ደክሜያለሁ እትዬ። አብረን ነው የገባን።»

«ቀልድ አልጠየቅሁህም።»

«እሺ። ነገ መስተዋቱን እወለውለዋለሁ።»

መዝገቡ ይህን ማሽን ሲያሠራ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲቀጠር ጢም አልነበረውም፤ አሁን የልጅ ልጅ አይቷል። የማሽኑ መብራት እንደ ቤት አምፖል አይደለም። ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተቃርበው ይነድዳሉ፤ ብርሃኑ ከዚያ ይወጣል። ብርሃኑ ከፍ ሲል ዘንጎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ካርቦን ዛሬ ገበያ ላይ የለም፤ ሲኒማ ቤቶችን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት በኮታ ነው የሚሰጠው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

እኔ ለቅሜ ያስቀመጥሁትን ምስር ጽጌረዳ ደግማ ስትለቅም አገኘኋት። ምን ማለትሽ ነው አልኋት።

«እጄ ሥራ ፈትቶ ነው፣ እቴቴ» አለች።

መምህርት ናት። የሰማንያ ተማሪ ደብተር ማረም አለባት። እጇ መቼ ነው ሥራ የሚፈታው?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14

አዲስ ፊልም። ከሶሻሊስት አገር የመጣ፤ ስለ አንድ የእርሻ ማኅበር ነው። ከዚህ በፊት አላየሁትም። የዛሬ ፊልም ሠሪዎች ጽሑፉን ጉንዳን አሳክለውታል፤ ሳይነበብ ይጠፋል። አንዳንዱን ከነገሩ አካሄድ ተረዳሁት። መሀረቤን ስንት ጊዜ እንዳነሣሁ አልቈጠርሁም። መዝገቡ በየጊዜው ጨመረ፤ ሸራው ነጣ፤ ጽሑፉ ግን ከንጣቱ ጋር ሄደ።

ሰው ሲወጣ ሁለት ወንዶች ከፊቴ ይሄዱ ነበር።

«ሰውየው እኮ ደብዳቤ እያነበበ ነው፤ እሷ ስለ ዝናብ ታወራለች።»

«ዝም በል፣ ትሰማሃለች።»

«ብትሰማስ? ዝናቡን ወድጄዋለሁ።»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቅሁም።

እሑድ፣ ግንቦት 15

ያው ፊልም። ያው ጭጋግ። በሩ ላይ ቲኬት የምትቀድደው ሩቅያ «ዛሬ ደክሞዎታል» አለችኝ። አልደከመኝም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 19

ጉድለት ያየ ሰው በአፉ አያጕረመርምም። በጽሑፍ፣ በቀን፣ በስም ያመለክታል። እንዲህ ነው የተማርነው፤ ክፍሉ ውስጥ ጠመኔ ቢጐድል እንኳ ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ለጽሕፈት ቤቱ ጻፍሁ። እዚህ ግልባጩን አስቀምጣለሁ።

«ጉዳዩ፦ የሲኒማው መብራት መድከምን ስለማመልከት። በትግል ሲኒማ የፊልሙ መብራት ከጥር ወር ጀምሮ እየደከመ መጥቷል። ጥር 15፣ የካቲት 6፣ መጋቢት 18 እና 19፣ ሚያዝያ 16፣ ግንቦት 7፣ 8፣ 14 እና 15 ቀን በተደረጉት ትርኢቶች ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ አዳጋች ሆኖ ነበር። ማሽኑ ወይም አሠራሩ እንዲመረመር በትሕትና አመለክታለሁ።»

ጽጌረዳ አይታ መስመሩ ስለ ተደራረበ ልገልብጥልዎት አለች። ወረቀቱ ያልተሰመረ ስለ ነበር ነው። ገለበጠችው።

ለመዝገቡ አልነገርሁትም። ደብዳቤው ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ እርሱ አይደለም። «ወይም አሠራሩ» ያልሁት ሙሉ እንዲሆን ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 6

የሕንዱ ፊልም ተመለሰ። መልካም ተረክሁ። መብራቱም የተሻለ ነበር። ሩቅያ በሩ ላይ «ዛሬ እንደ ድሮው» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

ከጽሕፈት ቤቱ ተቈጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፤ በዚህ ጭቃ ጫማው ንጹሕ ነው። ደብዳቤዬን ከቦርሳው አወጣ። «ቀን ከነቍጥሩ የተጻፈበት እንዲህ ያለ ማመልከቻ ደርሶን አያውቅም» አለ። ነገ እንድገኝ ጠየቀኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9

በችኰላ ነው የምጽፈው፤ እንዳልረሳ።

ተቈጣጣሪው የካርቦኑን ሣጥን አስከፈተ። በአምስት ወር ማለቅ ከሚገባው እጥፉ አልቋል። አድነው፣ እኔ፣ መዝገቡ፣ ሩቅያ ነበርን።

ተቈጣጣሪው እንዲህ አለ፦ «ካርቦኑ እጥፍ አልቋል። መብራቱ ግን ደክሟል፤ እዚህ በጽሑፍ አለ። ማሽኑ ውስጥ ቢነድ ኖሮ አዳራሹ ፀሐይ በሆነ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ አልነደደም።»

«ነድዷል» አለ መዝገቡ።

«ታዲያ ብርሃኑ የት ሄደ?»

መዝገቡ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ፤ ከዚያ ርቀት ፊቱን አላየሁትም።

አድነው፣ «ጓድ መዝገቡ፣ አንድ ነገር በል እንጂ፣ በቃ ዝም ካልህ እኮ እኔም የምጽፈው አጣለሁ» አለው።

አሻጥር የሚለውን ቃል ያመጣው ተቈጣጣሪው ነው። አድነው አልደገመውም፤ ግን ጻፈው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

አዳራሹ ታሸገ። መዝገቡ ቀበሌ ታስሯል።

እሑድ፣ ሰኔ 13

ከጣሊያን መውጣት በኋላ በተሠራው በዚህ አዳራሽ ውስጥ እሑድ ከሰዓት ፊልም ሳይታይ ሲቀር፣ ከሐዘን ቀንና ከስብሰባ ቀን በቀር፣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዝናብ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ሙሴ ሃጎፕ ሲኒማውን ሲከፍቱ ሰልፉ እስከ አዲሱ ገበያ መንገድ ይደርስ ነበር። ሰገነቱ ለመኳንንቱ ነበር፤ ወንበሩ ቀይ ከፈይ ለብሶ። ታች ያለው ሰው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ጥሩው ሰው ሲመታ «ከኋላህ ነው» እያለ ይጮኽለታል። እኔ በአማርኛ «ከኋላው ሰው እየመጣ ነው» ስል ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር። ሲወረስ ከፈዩ ተነሥቶ የቀበሌው ጠረጴዛ ልብስ ሆነ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታው ትርኢት ቀረ። ሰኞ ሰኞ የውይይት ክበብ ገባበት። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ሰው ይሞላ ነበር። ሙሴ ሃጎፕ ከአገር ሲወጡ የነገሩን አንድ ነገር ነው፦ «ወንበሩ ይሰበር፣ ጣሪያው ያፍስ፣ መብራቱን ብቻ ጠብቁ።» ለመዝገቡና ለእኔ ነው የነገሩን።

ጧት አድነው ቤት ድረስ መጣ። አልተቀመጠም፤ ጃንጥላውን ይዞ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ የኅብረት ሱቁ ጣሪያ ያፈሳል። ስኳሩን የማስቀምጥበት የለኝም።»

«ስኳርና እኔን ምን አገናኘን?»

«አዳራሹን ነዋ። ነገሩ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልተቋጨ ማሽኑን አውርደን መጋዘን እናደርገዋለን። ለእኔ ሲኒማውም ስኳሩም የሕዝብ ናቸው፤ ስኳሩ ግን ይረጥባል።»

«መዝገቡስ?»

«የተቈጣጣሪው ሪፖርት ወደ ላይ ከሄደ ከእኔ እጅ ወጣ። ካርቦኑን ለማን ሸጥህ ብለው ነው የሚጠይቁት። እሱ ደግሞ አይናገርም።»

«የማይናገር ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው» አልሁ። ይህን ማለቴን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

አድነው ጃንጥላውን ከፈተ። ደግ ሰው አይደለም፣ ክፉም አይደለም። ሰባት ልጆች አሉት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 15

የመዝገቡ ሚስት ገበያነሽ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ስንቅ ይዛ በበራችን ታልፋለች። ዛሬ ሰላም አልኋት። ቆመች።

«ዛሬ አወቁኝ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዐርብ አዲሱ ገበያ ፊት ለፊት አንገቴን ሰብሬ ሰላም ብዬዎት ዐይን ዐይኔን አይተው አለፉኝ። ጻፉበት፣ እሺ፤ ሰላምታ ደግሞ ምን አደረገ?»

ዐርብ ገበያ ሄጃለሁ። ማንንም አላገኘሁም።

ዐርብ፣ ሰኔ 18

በኅብረት ሱቁ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ፦ «አሮጊቷ ናት አሉ የጻፈችው።» «በፈረንሳይኛ ነው አሉ።» በአማርኛ ነው የጻፍሁት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 19

ሙከራ ተደረገ። ከሌላ ሲኒማ ቤት የመጣ ሰው ማሽኑን በደንቡ ልክ አሠራው። ሁሉም ጥርት ብሏል አሉ። እኔም ስጠየቅ ጥርት ብሏል አልሁ። ዝናብ።

እሑድ፣ ሰኔ 20

ትናንት የጻፍሁት አጭር ነው። ያልጻፍሁትን ዛሬ እጽፋለሁ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። መብራቱ በራ። ያየሁት ያንኑ ጭጋግ ነው፤ እንዲያውም ከመዝገቡ ጊዜ የባሰ። ተቈጣጣሪው «ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ከበፊቱ ይሻላል?» አለኝ። ከጀርባው አድነው «እንዴ፣ ይህማ ቀትር ነው» አለ። ሩቅያም አዎን አለች። አራት ሰው ጥርት ብሏል ሲል እኔ ብቻዬን ጭጋግ ነው ብል ምን ይባላል? «ጥርት ብሏል» አልሁ።

ተቈጣጣሪው ጻፈ። በልኩ ካርቦን፣ በሌላ ሰው እጅ፣ መብራቱ ደህና ነው። እንግዲህ ጉድለቱ የማሽኑ ሳይሆን የመዝገቡ ሆነ። ይህን ያስጻፍሁት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ከሸራው አጠገብ ተቀምጬ ያላየሁትን አየሁ ያልሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ትናንት ነው። ይህን ስጽፍ ግንቦት 14 በግምት የተረክሁት ትዝ አለኝ፤ አልሰርዘውም፤ ግን ትናንት ነው ያልሁትም ትክክል አይደለም።

ጧት በረንዳው ላይ ወጥቼ ወደ እንጦጦ አየሁ። ደመና ሸፍኖታል። ዛሬም ይዘንባል አልኋት ጽጌረዳን። ልብስ እያሰጣች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ማስጣቷን ቀጠለች። ልብሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደረቀ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 24

ለራስ ምታት ነው ብዬ ከጽጌረዳ ጋር ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው። በትንሽ ባትሪ ሁለቱንም ዐይኔን አየ።

«ሞራ ነው፤ ሁለቱም ላይ በስሏል። ከመቼ ጀምሮ ነው ጭጋግ የሚሆንብዎ?»

«ከጥር 15 ጀምሮ» አልሁት።

«ከነቀኑ?»

«ለጽሕፈት ቤቱ ጽፌዋለሁ።»

አልገባውም። ጽጌረዳ ወደ መስኮቱ ዞረች። የቀዶ ሕክምናው ወረፋ ከዓመት በላይ ነው አለን። በአውቶቡስ ተመለስን። ጽጌረዳ የአውቶቡሱን ቍጥር እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደምትነግረኝ አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 1

አንድ ሳምንት አልጻፍሁም። የምጽፈውን አውቄ ነው ያልጻፍሁት።

መሀረቤን ባነሣሁ ቍጥር መዝገቡ መብራቱን ከፍ አደረገ። ከፍ ባደረገ ቍጥር ካርቦኑ በእጥፍ ነደደ። መብራቱ ሰው ሁሉ ከሚፈልገው በላይ ነበር፤ ለእኔ ብቻ አልበቃም። ተቈጣጣሪው ብርሃኑ የት ሄደ ሲለው መልሱን ያውቅ ነበር። መልሱ እኔ ነበርሁ። ከእርሱ ስድስት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር።

የእኔ ማመልከቻ ባይኖር ካርቦን አበዛህ ተብሎ ይገሠጽ ነበር። ማመልከቻው ግን መብራቱ ደካማ ነበር ይላል። ሌባ ያደረገው ያ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 3

ቀበሌ ሄጄ ለአድነው ነገርሁት። ዐይኔ ነው አልሁት። የሐኪሙን ወረቀት አሳየሁት።

አድነው ወረቀቱን ገለበጠው። «እትዬ፣ ይህ አሁን ታምመዋል ነው የሚለው። በጥር ታምመው ነበር አይልም። ደግሞ ተቈጣጣሪው ፊት ጥርት ብሏል ብለው አስጽፈዋል። ዐይኑ የታመመ ሰው ጥርት ያለውን እንዴት አወቀ ይለኛል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«እ... ማለቴ፣ እንዲህ ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፍ።»

«አይበቃም። ለጎረቤቷ አዝና ነው ይላሉ።»

«እንግዲያው ሕዝብ ፊት ይሁን። እሑድ ሐምሌ 11 ስብሰባው አዳራሹ ውስጥ አይደለም? ማሽኑ ይነሣ፤ የማላውቀው ፊልም ይምጣ፤ እኔ ወንበሬ ላይ ልቀመጥ። ተቈጣጣሪውም ይምጣ።»

«ሕዝቡ እኮ ይስቅብዎታል» አለ። ከልቡ ነው ያለው።

«ሪፖርቱ መቼ ነው ወደ ላይ የሚሄደው?»

«ሰኞ፣ ሐምሌ 12።»

«እንግዲያው እሑድ።»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6

ገበያነሽ ስትመጣ በር ላይ ጠብቄ አብሬያት ሄድሁ። አልከለከለችኝም። ጭቃው ያንሸራትታል። ቦዩ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘች፤ ስንሻገር ለቀቀች።

መዝገቡ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሳ አሉ፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«ይተዉት፣ እትዬ» አለኝ። «አድነው ነግሮኛል። ይተዉት።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ምን ብዬ?»

«አያዩም ብለህ።»

«እኔ ምን አውቄ? እኔ የማውቀው መብራቱ ከፍ ሲል ድምፅዎ ይረጋል፤ ዝቅ ሲል ይንቀጠቀጣል። ማሽኑም እንዲህ ነው፤ ሲጮኽ ዘይት አደርግለታለሁ፤ ምን ሆንህ ብዬ አልጠይቀውም።»

«ተቈጣጣሪው ሲጠይቅህ ግን ታውቅ ነበር።»

«ያኔማ አወቅሁ» አለ። «ግን ወንበሩ የእርስዎ ነው። ሰው ፊት ልነሣዎት?»

ገበያነሽ ሳህኑን ፈታታችና «ብላ» አለችው። ከዚያ ለእኔ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እሱ እንዲህ ነው። ቤትም እንዲህ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ያዞራል እንጂ አፈሰሰ አይልም» አለች።

ሪፖርቱ ወደ ላይ ከሄደ ስንቅ የምታቀብልበትን ቦታ እንኳ አታውቀውም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 10

ጽጌረዳ፦ «እቴቴ፣ ከእርስዎ ጋር ልቀመጥ? ጽሑፉን በጆሮዎ ላንብብልዎት?»

«እንዲያ ከሆነ ምን ይታያል?» አልኋት።

ቀሚሴን ተኰሰች።

እሑድ፣ ሐምሌ 11

የአዳራሹ ማኅተም ለስብሰባው ተነሥቶ በሦስት ሰዓት ተጀመረ። መዝገቡን ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች አምጥተው የፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። አድነው ስለ ጽዳት ዘመቻ፣ ስለ መዋጮ ከተናገረ በኋላ የእኔን ጉዳይ አቀረበ። ባጭሩ አቀረበው፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ያ ከሌላ ሲኒማ የመጣው ሰው ማሽኑን አስነሣ። በደንቡ ልክ እንዲያሠራው ተነግሮታል። መስኮቶቹ በጥቍር ጨርቅ ተሸፈኑ። ወንበሬ ላይ ወጣሁ። ደረጃው ሦስት ነው፤ እርሱን በእግሬ አውቀዋለሁ። ድምፅ ማጉያውን ያዝሁ።

ፊልሙ ጀመረ። ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ይናገራሉ። አንዲት ሴት ታለቅሳለች ወይም ትስቃለች። አዳራሹ እኔን ይጠብቃል። እንዲህ አልሁ፦

«ነጭ ነገር አያለሁ። ጥቍር ነገር በነጩ ላይ ይንቀሳቀሳል። ሰው ይሁን ዛፍ አላውቅም። ከሥር መስመር አለ። ጽሑፍ መሆኑን የማውቀው እዚያ ቦታ ላይ ስለሚሆን ነው። አንድም ፊደል አላነብም። በጥርም እንዲሁ ነበርሁ። ሰኔ 19 ቀን ጥርት ብሏል ያልሁት ውሸት ነው። መብራቱ ደካማ አልነበረም። መዝገቡን ከፍ አድርግ እያልሁ ያስነደድሁት እኔ ነኝ።»

ተቈጣጣሪው ተነሣ። «ሕዝቡ ይመስክር። በእነዚህ ወራት መብራቱ እንዴት ነበር?»

የሩቅያ ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። «ዐይን ያጠፋ ነበር እንጂ። እኔ እዚህ በሩ ጋ ሆኜ ጥላዬን አይ ነበር።»

«እና ወይዘሮዋ እንደማያዩ የሚያውቅ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን እኮ» አለ አንድ ሰው ከመካከል። የዝናቡ ሰውዬ መሰለኝ። «ከካቻምና ጀምሮ ነው። ባለፈው የሞተውን ገበሬ ድረውታል።»

ሳቅ ሆነ። ሌላው «ሠርጉ ላይ እኔም ነበርሁ» አለ። ሳቁ ረዘመ። ሴቶቹም ሳቁ። አድነው ጠረጴዛውን መታ፤ እርሱም ግን ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። እስኪያልቅ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ክፋት አልነበረበትም። ካቻምና ነው ያሉት፤ እኔ ግን ጥር ነው ያልሁት። በማመልከቻዬ ላይ ያለው የመጀመሪያ ቀን ስሕተት ነው።

«ለምን ዝም አላችሁ?» አለ ተቈጣጣሪው።

አንዲት ሴት መለሰች፤ ድምፅዋን አላወቅሁትም። «ምን እንበል? የእሳቸው ታሪክ ከፊልሙ ይሻል ነበር።»

ተቈጣጣሪው ይህን ጻፈ ወይም አልጻፈም፤ አላየሁም። መስኮቶቹ ተከፈቱ። ከወንበሩ ስወርድ ማንም እጄን እንዳይዘኝ ፈልጌ ነበር፤ ማንም አልያዘኝም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 12

መዝገቡ ተፈታ። በስድስት ሰዓት ገበያነሽ በበራችን አላለፈችም።

እሑድ፣ ሐምሌ 18

አዳራሹ ከስብሰባው በኋላ ተመልሶ እንደ ታሸገ ነው። አድነው በመንገድ አግኝቶኝ ስሙን ነግሮኝ ሰላም አለኝ። አሁን ሁሉም ስማቸውን እየነገሩ ነው ሰላም የሚሉኝ። መዝገቡ ነጻ ነው፤ ግን ተቈጣጣሪው ካርቦኑ ለምን እንደ በዛ በጽሑፍ ማብራሪያ ካልደረሰው ወደ ማሽኑ አይመልሰውም። በቃል የተባለው ለማሰር ካልበቃ ለመመለስም አይበቃም ብሏል። ማሽኑን የሚያሠራ ከሌለ ደግሞ ሐምሌ ሲያልቅ ስኳሩ ይገባል።

«መዝገቡ ይጻፍ እንጂ» አልሁት።

«ሦስት ጊዜ ጽፎ አመጣ። ሦስቱም ላይ የእርስዎ ስም የለም። ካርቦኑ ጥራት የሌለው ነበር ይላል። አልተቀበልሁትም።»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 20

መዝገቡ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጽጌረዳ ልካበት ነው። ኮቱን አላወለቀም። ሻይ ቀረበለት፤ ጠጣ። ስለ ልጅ ልጁ ጥርስ፣ ስለ ሸጎሌ መንገድ ጭቃ አወራን። ከዚያ ጽጌረዳ የተሰመረ ወረቀት አወጣች፤ እኔ ተናገርሁ፣ እርሷ ጻፈች።

«ከጥር እስከ ግንቦት 1974 ዓ.ም. ድረስ በትግል ሲኒማ ከተመደበው በላይ ካርቦን የነደደው እኔ ተራኪዋ በዐይን ሕመም ምክንያት ማየት ስላልቻልሁና መብራቱ ከፍ እንዲል ደጋግሜ ምልክት ስለሰጠሁ ነው። ኦፕሬተሩ የታዘዘውን ፈጽሟል። ጥፋቱ የእኔ ነው። በዚህ ሥራ መቀጠል ስለማልችል ከዛሬ ጀምሮ መልቀቄን አመለክታለሁ።»

«ጥፋቱ አይበሉ፣ እትዬ» አለ መዝገቡ። «ምክንያቱ ይበቃል።»

«ጽጌረዳ፣ ጥፋቱ ብለሽ ጻፊ።»

«ምክንያቱ። ዐይን ጥፋት አያደርግም።»

«ስለ ዐይኔ አይደለም የማወራው። የጻፈው እጄ ነው። ጥርት ብሏል ያለው አፌ ነው።»

ጽጌረዳ ብዕሯን አንሥታ ጠበቀች። «ስትስማሙ ንገሩኝ፤ ቀለሙ እየደረቀ ነው» አለች።

መዝገቡ ሳቀ። ከሰኔ ወዲህ ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያው ነው። «እሺ፣ ጥፋቱ» አለ። «መልቀቅ የምትለዋን ግን ያውጧት። ወረቀቱ ያለ እርሷም ይሠራል።»

«አይሠራም። እኔ ወንበሩ ላይ ካለሁ መሀረብ አነሣለሁ፤ አንተ ደግሞ ትጨምራለህ።»

ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ሰማሁት።

ጽጌረዳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች፤ ከጣቷ ሥር ፈረምሁ። መዝገቡ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። አድነው ዛሬውኑ ከተቀበለው መዝገቡ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ማሽኑን ያስነሣል። በር ድረስ ሸኘሁት። ከእንግዲህ ማን እንደሚተርክ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም።